ከፍሪዘሩ ጎን ያለችው ደረቅ ቦታ

ነይ ግቢ ኒታ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል? ያንን ወንበር ተይው፣ እግሩ ይወላገዳል። ይሄኛው ላይ ተቀመጪ፣ ቬንቲሌተሩ ፊት ለፊት። እንዲህ ነው። እናትሽ ደህና ናት? ጉልበቷስ? … እሰይ። ሻይ ቅጂ እንግዲህ፣ በረዶው ሳይሟሟ። ብርጭቆውን አየሽው አይደል፣ ገና ሳትነኪው በላብ ተጠመቀ። ሰኔ መግባቱ ነው፣ የባሕሩ ወበቅ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ቤታችን ገብቷል። ዛሬ ጠዋት ስነሣ አንሶላዬ ራሱ እንደ ሰው አልቦታል።

ሸርጣኑ ገና ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አማቼ ነው የሚቀቅለው፣ ያውልሽ ከጋራዡ ደፍ ላይ፣ ድስቱ አጠገብ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቅዳሜውን ትቶ ለሚስቱ እናት ሸርጣን የሚቀቅል ወንድ ስንት አለ? … ይሰማናል ወይ? ኧረ አይሰማም። የጋዙ ምድጃ እንዲህ እየጮኸ እንዴት ብሎ። ቢሰማስ፣ ምን ክፉ ነገር ልናወራ ነው?

ይልቅ እንኳን ደስ ያለሽ። ሰኞ የጋራዥሽ ወለል ሊቀባ ነው አሉ። ኢፖክሲ፣ ያ ደርቆ እንደ መስታወት የሚያበራው ቅብ። ቀለሙ ምን ሆነ? ግራጫ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው? … ጎሽ። ጎረቤቴ ሚስ ቬልማም ያንኑ ነው የመረጡት።

ጫማሽን አውልቂ እስቲ። አውልቂ ልጄ፣ ማን ያይሻል። ይሄን የእኔን ጋራዥ ወለል በባዶ እግርሽ ርገጪው። ቀዘቀዘሽ አይደል? ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አርሴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሃያኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን የቀባልኝ ነው፤ ሌላው ሴት ወርቅ ታገኛለች፣ እኔ ወለል። ትልቁ ማዕበል የመጣ ጊዜ ባሕሩ እዚህ ድረስ ገባ፣ ይሄው ምሰሶው ላይ መስመሩ። ግድግዳው ሄደ፣ የልብስ ማጠቢያችን ሦስት ቤት አልፎ ሰው ግቢ ተገኘ። ውሃው ሲመለስ አርሴን ጭቃውን በቱቦ አጠበና ወለሉን "እንደምን አደርክ?" አለው። ንቅንቅ አላለም።

ባሌን ግን ላሞግስልሽ አይደለም፣ ቀርፋፋ ሰው ነበር። ለሥራ ሲጠሩት ባልዲ ይዞ አይሄድም። ላስቲክ ነው ይዞ የሚሄደው። ክንድ በክንድ ይቆርጥና ኮንክሪቱ ላይ ያነጥፈዋል፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽገዋል። አንድ በሩ ጋ፣ አንድ መሐል፣ አንድ ጨለማው ጥግ፣ አንድ ደግሞ ልቡ የጠረጠረው ቦታ። ከዚያ ወደ ቤቱ። ሦስት ቀን ሙሉ። ሰዎቹ ደውለው "አርሴን፣ መቼ ነው የምትቀባው?" ሲሉት "ኮንክሪቱን ጠይቄዋለሁ፣ እስኪመልስልኝ ነው" ይላቸዋል። ሰው እንዲህ ያለ ባል ይዞ ይሰለቻል፣ አልዋሽሽም።

ምን ያድርግ፣ አገራችን ውሃ ላይ የተቀመጠች ናት። ከሰማይ ቢቀር ከሥር ይመጣል። ላስቲኩ ሲገለጥ ውስጡ ጤዛ ከቋጠረ ኮንክሪቱ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው፤ ያኔ እርጥበቱን የሚያፍነውን ቅብ ከታች ያስቀድማል፣ አይ ካሉትም ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል አይደል? እኛ ጋ መች ይስቃል፣ ዝም ብሎ ከሥር ይገፋል እንጂ።

የዛሬ ሰው እንዲህ ይታገሣል? ለምንስ ይታገሣል? እኔ አሁን አንድ ሰው አውቃለሁ…

ኧረ አማቼን አላልኩም፣ ምን ነካሽ። ወደዚያ አትዪ። አማቼ ያውልሽ ሸርጣን ላይ ነው። የምልሽ ሌላ ሰው ነው። እሱም ወለል ይቀባል፤ በዚህ የባሕር ዳርቻ ወለል የሚቀባ ሰው ጠፍቶ ነው?

እና ይሄ ሰው ጎበዝ ነው ብልሽ ጎበዝ። አርሴን ሳምንት የሚፈጅበትን በቀን ተኩል ጨርሶ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ነው። ሸሚዙ ላይ አንዲት ጠብታ አታገኚም። ጥፍሩማ ከእኔ ጥፍር ይጸዳል። የወለል ሠራተኛ ጥፍር እንዲህ ሲጸዳ ደስ አይልም? አርሴን በሠርጋችን ዕለት እንኳ ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶ ይዞ ነው የገባው፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ታነሣው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ የድሮ ሰዎች። ያ ሰው ግን ዕድለኛ ነው… የሚያፈሰው እሱ፣ የሚለቅመው ሌላ።

ላስቲክ አያነጥፍም እንዳትዪ ደግሞ። ያነጥፋል። አንድ ቦታ። አራት ቦታ ምን ያደርጋል፣ ላስቲክ ማባከን ነው። ያቺን አንዷን የት እንዳነጠፋት ገምቺ እስቲ… ሚስ ቬልማ ጋራዥ ውስጥ፣ ዲፕ ፍሪዘሩ ጎን። ከባሕር የወጣ ሽሪምፕ የሚያቆዩበት ፍሪዘራቸው፣ እንደ ሁላችንም። ያ ሞተሩ ትኩስ አየር የሚተፋበት ጎን። ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ አንድ ደረቅ ቦታ ቢኖር ያቺ ናት፤ ድመታቸው ራሷ ብርድ ሲሆን ሄዳ እዚያ ነው የምትጋደመው። ድመት የምታውቀውን ቦታ እሱም አገኘው፣ ዓይኑ እንዴት ያለ ነው። ሦስት ቀንም አልቆየ፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ገለጠው። ደረቅ። ኮንክሪቱን ጠየቀው፣ መልሱንም ራሱ መለሰለት።

ሳያውቅ ነው እንጂ። ማን አይሳሳትም? አሥራ አንድ ዓመት ከአርሴን ጎን የሠራ ሰው ይሄን እንዴት… ማለቴ፣ ከአንድ አዋቂ ጎን የሠራ ሰው። እኔም አረጀሁ፣ አፌ ይስታል።

ወለሉ ታዲያ አማረ። አምስት ሳምንት ሙሉ አማረ። ሚስ ቬልማ መኪናቸውን ደጅ እያሳደሩ መዘምራኑን ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ጋበዙ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ እኔም ነበርኩ። ከዚያ የደቡቡ ነፋስ መጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ ኮንክሪት ያባውን ደግሞ ወበቅ። መጀመሪያ ጉብ ጉብ አለ፣ የተቃጠለ ቆዳ ውሃ እንደሚቋጥረው። ቀጥሎ መኪናቸውን ሲያስገቡ የጋለው ጎማ ቅቡን ይዞት እየወጣ በየመንገዱ ይረጨው ጀመር። አሁን ብታዪው እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል። ከፍሪዘሩ ጎን ያለችው ቁራጭ ብቻ… መስታወት። ፀጉርሽን ታበጥሪባታለሽ።

ያቺን ቁራጭ ነው እኮ ፎቶ አንስቶ ማስታወቂያው ላይ ያወጣት። አንቺም ቀለሙን የመረጥሽው ከዚያ ፎቶ ነው አይደል? … ተመልሰሽ ልብ ብለሽ እዪው። በስተግራ የድመቷ ጅራት ይታያል።

ያ ሰው ታዲያ ሸሸ መሰለሽ? አልሸሸም። ሲጠሩት መጣ፣ ቆቡን አውልቆ ገባ። ቁጢጥ ብሎ አየው፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ እንዴት ባለ ለስላሳ ድምፅ፣ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደሚያወሩት… "ሚስ ቬልማ፣ ሳይደርቅ አጥበውት ነበር መሰለኝ። ቱቦውን ከፍተው ረስተውት ይሆናል። በእርስዎ ዕድሜ ያጋጥማል፣ አይጨነቁ።" አክብሮቱን አየሽልኝ? አበላሹት አላለም። ይረሳሉ አለ እንጂ።

እሳቸውም አመሰገኑት።

እዚህ ላይ ግን ኒታ፣ ተናደድኩ። ደህና አድርጌ ነው የተናደድኩት። ሚስ ቬልማ እኮ ናቸው። ግማሹን ከተማ ማባዛት ያስተማሩ ሰው። ባለፈው ሱቅ ውስጥ ሲያገኙሽ "ሰባት ጊዜ ስምንት?" አላሉሽም? ልጆች ወልደሽ፣ እንቁላል ታቅፈሽ ቆመሽ። ምን ብለሽ መለስሽ? … አዎ፣ ነገሩኝ። "ኒታ ዛሬም ሃምሳ አራት ላይ ናት" አሉኝ። እኚህን ሰው ነው ረሱ የተባሉት።

አሁን ራሳቸውን ማመን ትተዋል። ቤታቸው ብትገቢ ግድግዳው ትናንሽ ወረቀት ብቻ ሆኗል። "ምድጃ አጥፍቻለሁ።" "ቧንቧ ዘግቻለሁ።" "ዛሬ ጋራዥ አላጠብኩም።" ይቺን ሦስተኛዋን ሳነብ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መዝሙር ቤት መሄድ አቆሙ፣ ግጥሙ መሐል ላይ ቢጠፋኝስ ብለው። የመኪናቸውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ፖስታ ውስጥ ከተው ለልጃቸው ላኩ። ልጃቸው ፓትሪስ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሰዓት በኋላ ከጃክሰን ከተማ ትደርሳለች። ሻንጣ ይዛ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ክፍል አግኝታላቸዋለች፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያያል አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመት ባሕር ሲያይ የኖረ ሰው… መኪና ሲቆም ሊያይ ነው። የዚያን ክፍል ወለል እንኳ ደህና ሰው ይቀባላቸው።

ፓትሪስን አልፈርድባትም። እናቴ እየረሳች ነው ብላ ነው። ማን ነገራት? እናቷ። ለእናቷስ ማን ነገራቸው? … አየሽ አይደል፣ ያ ሰው ስንት ቤት ይሠራል። አንድ ጋራዥ ብቻ የቀባ የሚመስለው የዋህ ነው።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈት አሮጊት አይደለሁ? ረቡዕ ዕለት የአርሴንን የላስቲክ ጥቅል ከዚያ መደርደሪያ አወረድኩና ሄድኩ። በተላጠው ላይ ሦስት ቦታ አነጠፍኩ፣ በሩ ጋ፣ መሐል፣ ጥጉ ላይ። ፍሪዘሩ ጎን አላስፈለገኝም፣ እዚያስ ድመቷ አለች። ሚስ ቬልማ ፕላስተሩን እየቆረጡ ያቀብሉኛል፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ተንበርክኬ አሽጋለሁ። "ምንድን ነው ኦዴት?" ሲሉኝ "አርሴን ናፍቆኝ ነው" አልኳቸው። ውሸትም አይደለም። ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ቀን ሲሞላው፣ ሄጄ ገለጥኩት። ኒታ ልጄ፣ ውሃው ከላስቲኩ ላይ ተንከባሎ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ቱቦ የለ፣ መርሳት የለ።

ለምን ወዲያው አልነገርሻቸውም ትዪኝ ይሆናል። አፌ ላይ ነበር። ግን ከእኔ ቢሰሙት የሚሰሙት ስለ ኮንክሪት ነው፤ "ኦዴት ልታጽናናኝ ነው" ብለው ይተዉታል። ከዚያ ሰው አፍ ቢሰሙት ግን አእምሯቸውን ነው የሚመልስላቸው። የወሰደው ሰው ሲመልሰው ነው የሚታመነው። ወለሉማ ምን አለ፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል፣ ያለቀለት ነገር ነው።

ስለዚህ ያ ሰው ዛሬን አለው። ዛሬ ብዙ ነው፣ ገና ቀትር እኮ ነው። እኔ አልቸኩልም፣ የአርሴን ሚስት ነኝ፣ መጠበቅ አስተምሮኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለኢፖክሲ ደግሞ እያደር መላጥ ተሰጥቶታል፣ ሁሉም እንደ ዕጣው። ነገ ፓትሪስ ስትደርስ እውነቱ ካልጠራ ግን እኔ ራሴ ላስቲክ ይዤ ሚስ ቬልማ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ።

ሌላ ትንሽ ነገርም አለች። የዚያ ሰው ፒካፕ በር ላይ የተጻፈው የራሱ ስም አይደለም። የአንድ የሞተ ሰው ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ይሄኛው መዋልም አልበቃው፣ በፒካፕ ከተማ ይዞራል። ሚስ ቬልማ ደጅም ያ ስም ቆሞ ነበር፣ ያ ለስላሳ ንግግር ሲነገር። እኔ ስለ ሟቹ ነው የምጨነቀው፣ ሞቶም ከሥራ አላረፈም። ደግነቱ የበር ጽሑፍ በቲነር ይለቃል። ያውና ሁለት ጣሳ፣ መደርደሪያው ላይ። ጨርቁንም አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት፣ አንቺ ቤት ከመምጣቱ በፊት… ማለቴ፣ ማንም ማንም ቤት ከመሄዱ በፊት።

ምንድን ነው የሚንሿሿው? … ልጄ፣ ድስቱ ገነፈለብህ፣ እሳቱን ቀንሰው። ምስኪን፣ ሐሳብ ይዞት ሄዷል። ቃሪያውንም ሁለት ጊዜ ሲጨምር አየሁት። ፊቱ እንዴት እንደቀላ አየሽ? እንፋሎቱ ነው።

አንቺ ግን በአሮጊት ወሬ እንዳትሰጊ። ቀለሙ ያምራል፣ ቀጥይበት። ብቻ ዛሬውኑ ቤት ስትገቢ ፍሪዘርሽን ከሶኬቱ ንቀይው። ሽሪምፑን እኔ ጋ አምጪው፣ ቦታ አለኝ። ያ ሰው ሲመጣ የሚያነጥፍበት ደረቅ ቦታ ካጣ ምናልባት አራት ቦታ ያነጥፍ ይሆናል። እኔም ከዚህ ሆኜ ሦስት ቀን እቆጥርልሻለሁ።

ያቺ በመንገዱ ዳር የምትመጣው ጃንጥላ የማን ናት? … ሚስ ቬልማ ናቸው። ተነሺ ተነሺ፣ የኔን ወንበር ስጪያቸው፣ ቬንቲሌተሩንም ወደዚህ አዙሪው። በዚህ ፀሐይ፣ በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ እጅ ኬክ። ይግቡ ሚስ ቬልማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይሄ ወለል አያንሸራትትም። … የሎሚ ኬክ? ለእኔ አማች? … አየሽ ኒታ፣ "ደክሞ የሠራውን አበላሸሁበት" ብለው ነው። ሦስተኛው ኬክ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስጎራበታቸው ኬክ የቀመስኩት ሁለቴ ነው። ለምን እንደሚያመጡለት ግን አልገባኝም፣ እኛ ስናወራ የነበረው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ስኳሩን ረስቼ ይሆናል ነው የሚሉት ሚስ ቬልማ? … ኧረ አልረሱም። እርስዎ ምንም አልረሱም። ከዚህ ቤት ውስጥ ይሄን በደንብ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ቆይቶ ይነግርዎት ይሆናል።

በሉ ሸርጣኑን ጋዜጣው ላይ ገልብጡት፣ ሳይቀዘቅዝ። ጎሽ። እጅ ለእጅ እንያያዝ። ሚስ ቬልማ እዚህ ይሁኑ፣ በአማቼ ቀኝ። እጃቸውን ያዝላቸው ልጄ፣ ጠበቅ አድርገህ። አልቦሃል? ምንም አይደል፣ ወበቁ ነው፣ የማን እጅ የማያልበው አለ። ጸሎቱን እኔ ላድርስ፣ አጭር ነው።

ጌታ ሆይ፣ ይሄን ማዕድ ባርክልን። ከባሕሩ ያወጡትን እጆች ባርክ፣ ድስቱን ያማሰለውንም እጅ ባርክ፣ ደክሞታል። አማቼን ጠብቅልኝ። የሚስ ቬልማን ያህል ዕድሜ ስጠው፣ ጨምርለትም። ቤቱ አይጉደል፣ ልጆቹ ይውደዱት። ደግሞም ጌታ ሆይ፣ ያረጀ ዕለት ብቻውን እንዳትተወው። ደጁን አንኳክቶ የሚገባ፣ ቆቡን የሚያወልቅለት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የረሳውን ሁሉ የሚነግረው፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ መልካም ሰው ላክለት።

አሜን።